«ስትለቀው ምን ይሆናል?» ከዳርቻ ለሚጠልቅ ዓሣ አዳኝ ተንሳፋፊ የሠራንበት ጉዳይ

ተንሳፋፊው ጭንቅላቴን የመታኝ ከውሃው ልወጣ ጥቂት እርምጃ ሲቀረኝ ነው።

ዓሣ አልያዝኩም። አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ስዋኝ ቆይቼ ደክሞኛል። ፊኖቼን፣ እግር ላይ የሚጠለቁትን የመዋኛ መቅዘፊያዎች፣ አውልቄ በእጄ ይዣለሁ። ውሃው ጉልበቴ ላይ ደርሷል። ጀርባዬን ለባሕሩ ሰጥቼ ወደ አሸዋው ስራመድ ማዕበሉ ተንሳፋፊውን ከኋላዬ አንሥቶ ወረወረብኝ። አምስት ኪሎ እንኳ አይሞላም፤ ግን ማዕበል የወረወረው አምስት ኪሎ ሌላ ነገር ነው። ተደፋሁ። ልነሣ ስል ገመዱ ቁርጭምጭሚቴ ላይ ተጠምጥሟል። ሁለተኛው ማዕበል መጥቶ መልሶ ጣለኝ።

ጋሼ ዳር ቆመው ያያሉ። አልሳቁም። እጄን ይዘው አወጡኝና ገመዱን ከእግሬ እየፈቱ፣ «አንተ ልጅ፣ ይሄን ዕቃ ስትገዛው፣ ስትለቀው ምን እንደሚሆን ጠይቀህ ነበር?» አሉኝ።

አልጠየቅኩም ነበር። ከዚያ በኋላ የሞከርናቸው ሦስት ተንሳፋፊዎች ግን የተፈተኑት በዚህችው ጥያቄ ነው።

ቦታው ሳንዲያጎ ነው፣ ካሊፎርኒያ። እኔ የባሕር ዳር ልጅ ነኝ። የከተማዬ ስም ያታልላል እንጂ ያደግኩት ጣና ዳር ነው፤ የጨው ውሃ አፌ የገባው አሜሪካ ከመጣሁ በኋላ ነው። ጋሼ ግን በቀድሞው የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ምጽዋ አገልግለዋል። ባሕርን የሚያውቁት ከመርከብ ላይ ነው። ዛሬም ዳር ቆመው ማዕበል ይቆጥራሉ እንጂ እግራቸውን ውሃ ውስጥ አያስገቡም።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ትንሽ ላብራራ። የምናድነው ትንፋሽ ይዘን እየጠለቅን ነው። የአየር ጠርሙስ የለም። ወገብ ላይ የእርሳስ ቀበቶ፣ እጅ ላይ በላስቲክ የሚወጠር የዓሣ ጠመንጃ አለ። ጀልባ ያለው ሰው ሲደክመው ጀልባው ላይ ያርፋል፣ የወጋውን ዓሣ እዚያው ይጥላል፣ ጀልባው ራሱም ለሌላ ጀልባ «እዚህ ሰው አለ» ይላል። ከዳርቻ በእግሩ የሚገባ ሰው ይህ ሁሉ የለውም። ስለዚህ የጀልባውን ሥራ የሚሠራ ትንሽ ነገር በገመድ እየጎተተ ይዋኛል። እዚህ «ፍሎት» ይሉታል። እኛም ስናወራ ፍሎት ነው የምንለው፤ ለጽሑፍ ያህል ተንሳፋፊ ልበለው።

እኛ የምንገባው ላ ሆያ በሚባለው የሳንዲያጎ ሰፈር አካባቢ ነው። በሰሜን በኩል ማትላሁዋይል የሚባል፣ ምንም ነገር ማጥመድ የማይፈቀድበት የተከለለ ባሕር አለ። ስሙ የአካባቢው ነባር ሕዝብ የሆኑት የኩሚያይ ቋንቋ ነው፤ ብዙ ዋሻ ያለበት ቦታ ማለት ነው። በደቡብ በኩል ደግሞ ሌላ ክልል አለ። ሁለቱም እ.ኤ.አ. ከ2012 መጀመሪያ ጀምሮ የጸኑ ናቸው። እኛ በመካከላቸው ነን። የባሕሩ ጅረት ቀስ እያለ ወደ አንዱ ሊወስድህ ይችላል፤ አንገትህን ውሃ ውስጥ ቀብረህ ዓሣ ስትፈልግ አታውቀውም። ዳር የቆመ ሰው ግን ተንሳፋፊህ ላይ የቆመውን ባንዲራ ከመንገድ ምልክት ጋር አስተያይቶ ያውቃል። የጋሼ ሥራ ይህ ነበር። ፉጨታቸው ስኖርክል፣ የመተንፈሻ ቱቦዬ፣ ውስጥ ድረስ ይሰማል።

ቢጫው ጀሪካን

የመታኝን ተንሳፋፊ ብዙ አላወራለትም። በአየር የሚነፋ ነበር፤ ረጅም፣ ቀይ፣ ሲያዩት የሚያምር። ከሰዓት በኋላ የባሕሩ ነፋስ ወደ ምድር መንፈስ ሲጀምር ሸራ ይሆናል። አንተ ወደ ምዕራብ ትዋኛለህ፣ እሱ ወደ ምሥራቅ ይጎትትሃል። በመጨረሻ ድንጋይ ላይ የተጣበቀ ስለታም ቅርፊት ቀደደውና ተገላገልን።

ጋሼ ያመጡት መፍትሔ ቢጫ ጀሪካን ነው። ያው የምናውቀው፣ ሃያ ሊትር የሚይዘው። «አገር ቤት ውሃ የሚቀዳበት፣ ዘይት የሚሸጥበት፣ ወንዝ የሚሻገሩበት፤ እዚህ ምን ያንሰዋል?» አሉ። እውነት አላቸው። የባሕር ውሃ በሊትር ከአንድ ኪሎ ትንሽ ስለሚበልጥ፣ ክዳኑ በደንብ የተዘጋ የሃያ ሊትር ጀሪካን ሃያ ኪሎ ያህል ሊያነሣ ይችላል። ቢጫነቱ ከሩቅ ይታያል። ዋጋው የምሳ ዋጋ ነው።

ችግሩ ባዶ ጀሪካን ውሃ ላይ ቁም ቢሉት አይቆምም፤ ይንከባለላል። ባንዲራ ልትተክልበት ከፈለግክ የሆነ ነገር ሞልተህ ታከብደዋለህ። ጋሼ አሸዋ ጨመሩበት። ቆመ። አሁን ደግሞ ግማሹ ውሃ ውስጥ ሆነ፣ ፊቱም እንደ ግድግዳ ጠፍጣፋ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ አለች። ውሃ ውስጥ የሚጎተት ነገር የሚፈጥረው ተቃውሞ የሚያድገው በፍጥነቱ ካሬ ነው። ፍጥነትህን እጥፍ ካደረግክ የሚጎትትህ ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ቶሎ ለመድረስ መሮጥ አያዋጣም፤ ትርፍ ያለው ፊቱን ማጥበብ ላይ ነው። ዘና ብሎ የሚዋኝ ሰው በሰከንድ 70 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሄዳል። አሸዋ የሞላው ጀሪካን በዚያ ፍጥነት በወረቀት ላይ ወደ አንድ ኪሎ የሚጠጋ ጉተታ ይሰጣል። አንድ ኪሎ ምን አላት አትበሉ። ወገባችሁ ላይ አንድ ኪሎ የምትጎትት ገመድ አስራችሁ ለአንድ ሰዓት ዋኙና እንነጋገራለን። ትንፋሽ ይዞ ለሚጠልቅ ሰው ደግሞ በመንገድ ያለቀ ጉልበት ታች ሲደርስ ትንፋሽ ነው።

ስትለቀውስ? ማዕበል ውስጥ ለቀቅነው። አሸዋ የሞላው ጀሪካን ድንጋይ ላይ ሲጋጭ የሰማሁት ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። አንድ ልጅ ዳር ቆሞ ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ አልጽፈውም ነበር።

የሰርፍ ሰሌዳው

ሁለተኛው ሰዎች አሮጌ ዕቃቸውን ግቢያቸው ውስጥ ሲሸጡ በጥቂት ዶላር የገዛሁት ቦዲቦርድ ነው። ልጆች ሆዳቸው ላይ ተኝተው ማዕበል የሚጋልቡበት፣ ሰፊና ለስላሳ የፎም ሰሌዳ። ከዳርቻ የሚያድኑ ብዙ ሰዎች ይጠቀሙበታል። ላዩ ላይ ፕላስቲክ ሳጥን በላስቲክ አሰርን። የባንዲራ ዘንግ ተከልን። የልጆች ብስክሌት ላይ የሚሰካው ዓይነት፣ ቀጭን ፋይበርግላስ።

ይሄኛው ወዲያው ጥሩ ሆነ። ባንዲራው ቀጥ ብሎ ሲቆም ገረመን። ከዚያ በፊት ባንዲራ ለማቆም ከታች ክብደት ማንጠልጠል ያስፈልጋል ብለን ነበር የምናስበው። ቁጭ ብዬ ሳሰላው ለካ አያዋጣም። ሽቦ ገብቶበት የተዘረጋ 30 በ30 ሴንቲ ሜትር ባንዲራ፣ ነፋሱ በሰከንድ 8 ሜትር ቢሆን ዘንጉ ጫፍ ላይ ከ400 ግራም በላይ ይገፋል። ያንን አንድ ኪሎ እርሳስ 30 ሴንቲ ሜትር ዝቅ አድርጎ በማንጠልጠል አትመልሰውም። የሚመልሰው ስፋት ነው። ሰፊ ሰሌዳ ሲያዘነብል አንዱ ጎኑ ውሃ ውስጥ ይገባና ራሱን ያቀናል። ከታች የሚንጠለጠል ነገር የለም ማለት ደግሞ ኬልፕ የሚያዝበት ነገር የለም ማለት ነው።

ኬልፕን ላስተዋውቃችሁ። የባሕር ሣር ነው ቢባልም የምንሄድበት ዓይነት ጫካ ነው። ከታች ድንጋይ ጨብጦ እስከ ላይ ይወጣል፤ ላይ ደርሶም አያቆምም፣ ውሃው ላይ ይነጠፋል። ሲመቸው በቀን ግማሽ ሜትር ያህል ያድጋል። ፀሐይ በግንዶቹ መካከል ስትገባ ከሥር ሆኖ ማየት... እሱን ሌላ ጊዜ። ለተንሳፋፊ ግን ወጥመድ ነው። የሳጥኑ መንጠቆ ያዘው። የላስቲኩ ቋጠሮ ያዘው። ገመዱ ራሱ የተገመደ ስለነበር እንደ እሾህ ያዘው።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ገመዱን ቀበቶዬ ላይ አስሬዋለሁ። ዘጠኝ ሜትር ያህል ጠልቄ ካሊኮ ባስ የሚባል አንድ ዓሣ ጠበቅኩ፤ አየኝና ሄደ። ወደ ላይ ጀመርኩ። ላይኛው ብርሃን ላይ ልደርስ ሦስት ሜትር ሲቀረኝ ወገቤ ላይ የሆነ ነገር ጎተተኝ። በጣም አይደለም። ልብሱ በር ላይ እንደተያዘበት ሰው ያህል። ገመዱ በሁለት የኬልፕ ግንዶች መካከል ገብቶ ተጠምጥሟል። በጥሩ ቀን ዝቅ ብለህ ትፈታዋለህ። ትንፋሽህ ሲያልቅ ግን ዝቅ ማለት የሚባል ነገር የለም።

ቀበቶውን ፈታሁት። የቀበቶው መቆለፊያ በአንድ እጅ የሚፈታው ለዚህ ነው። ላይ ደርሼ ስተነፍስ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ቀበቶው ገመዱ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ፤ አልጠፋም። ጓደኛዬ ከጎኔ ነበረ፤ ሁልጊዜ አንዱ ሲጠልቅ ሌላው ላይ ሆኖ ይጠብቃል። ትንፋሽ ይዞ የሚጠልቅ ሰው ራሱን የሚስተው አብዛኛውን ጊዜ ታች አይደለም፤ ወደ ላይ ሲመለስ መጨረሻዎቹ ሜትሮች ላይ፣ ወይም ወጥቶ አንድ ሁለት ጊዜ ከተነፈሰ በኋላ ነው። እኔ የተያዝኩት እዚያው ቦታ ላይ ነው።

ጋሼ ሲሰሙ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ፣ «መርከብ እንኳ መልሕቁ ካልተነሣለት ሰንሰለቱን ለቆ ይሄዳል» አሉ። ቡና አፍልተው ነበር፤ ያን ቀን ሦስተኛውን ድረስ ጠጣን።

በማግሥቱ ደብተሬ ላይ የጻፍኩት፦ ገመዱ ሰውነት ላይ አይታሰርም። ጠመንጃው ላይ ነው የሚታሰረው። ጠመንጃውን ከለቀቅክ ሁሉንም ለቀቅክ። ዓሣ ሲሮጥም እንዲሁ ነው፤ ትለቀዋለህ፣ ዓሣው ተንሳፋፊውን እየጎተተ ይደክማል። ኬልፑ ሲበዛ ደግሞ ተንሳፋፊው ጭራሽ አብሮ አይገባም፤ ጫፉ ላይ ይቆማል፣ አንተ በጠመንጃው ላይ ባለ ክር መጠቅለያ ትሠራለህ። ማለትም ተንሳፋፊው መጎተት ብቻ ሳይሆን መቆምም መቻል አለበት። ይህን የሚሸጡት ሰዎች ለምን እንደማያስቡበት አይገባኝም።

ሮዙ ፎም

ሦስተኛውን ከባዶ ሠራነው።

መጀመሪያ የመጣልኝ ታንኳ ነው። የጣና ታንኳ የሚታሰረው ከደንገል ነው። ደንገሉ የሚንሳፈፈው ውስጡ ባለው አየር ነው፤ እየዋለ ሲያድር ውሃ ይጠጣል፣ ይከብዳል። ስለዚህ ባለቤቱ ሥራ ሲጨርስ ከውሃ አውጥቶ ያደርቀዋል። ልጅ ሆኜ ውሃ የጠጣ ታንኳ ስንጎትት ምን ያህል እንደሚከብድ አውቃለሁ። የዕቃ መሸጫው ውስጥ ነጩ፣ እንደ በቆሎ ፈንድሻ የሚረግፈው ፎም ርካሽ ነበር። ያ ደንገል ነው። ከተሰነጠቀ በየፍሬው መካከል ውሃ ያስገባል። ሮዙ፣ ለቤት ግድግዳ ሙቀት መከላከያ የሚሸጠው ግን ውስጡ ያሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎች የተዘጉ ናቸው። እሱን ገዛሁ።

ልኩ 90 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 40 ስፋት፣ 10 ውፍረት። 36 ሊትር ይሆናል። ፎሙ ብቻውን አንድ ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ ተሸፍኖ ሦስት። የሚተርፈው የማንሳት አቅም ከ30 ኪሎ በላይ ነው። የደከመ ሰው ደረቱን ቢጥልበት ይችለዋል። የታንኳ አፍንጫ ወደ ላይ የተቆለመመው ለምን እንደሆነ ያኔ አልጠየቅኩም ነበር፤ አሁን አውቃለሁ። አፍንጫውን ወደ ላይ ቀረጽኩት።

ከዚያ ስሕተቴ መጣ። ፎሙ ላይ የፋይበርግላስ ጨርቅ ዘርግቼ ሬዚን፣ ሲደርቅ የሚጠነክር ፈሳሽ፣ ልቀባ ነው። ሰርፍ ሰሌዳ ሠሪዎች ሲሠሩ አይቻለሁ፤ ፖሊስተር ሬዚን ነው። ርካሽ ነው። ገዛሁ። ጋራዡ በር ከፍቼ፣ ጓንት አድርጌ፣ በብሩሽ ቀባሁት። ጥቂት ደቂቃ አልፎ ሳየው ሮዙ ፎም እንደ ሰም ወደ ውስጥ እየሰመጠ ነው። ጨርቁ ጉድጓድ ውስጥ ገባ። ሁለት ቅዳሜ የቀረጽኩት አፍንጫ ዓይኔ እያየ ቀለጠ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ሮዙ ፎም ፖሊስታይሪን ነው። ፖሊስተር ሬዚን ውስጥ ስታይሪን አለ፤ ስታይሪን ደግሞ ፖሊስታይሪንን ያሟሟል። ስማቸው ራሱ እየጮኸ ይናገር ነበር። እኔ ያየኋቸው ሰዎች የሚጠቀሙት ሌላ ፎም ነው፣ ፖሊዩረቴን። ለሮዙ የሚሆነው ኢፖክሲ የሚባለው ሬዚን ነው። ዋጋው ይወደዳል፣ ግን ፎሙን አይበላም። ጋሼ የቀለጠውን ዕቃ አነሡና አገላብጠው አዩት። «ዱለት መሰለ» አሉ። ጋራዡ ግድግዳ ላይ ሰቅለውታል፤ እስካሁን አለ።

በኢፖክሲ ተሸፍኖ ነጭ ቀለም ተቀባ። ነጭ የሆነው ለውበት አይደለም። ሮዙ ፎም ሲሞቅ ጋዝ ይለቃል፤ መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ ከተተወ ሽፋኑ ሥር እንደ ብጉር ያብጣል። ጥቁር ቢሆን ኖሮ አንድ በጋ አይደፍንም።

የገመዱ መያዣ ቦታ ሦስት ጊዜ ተቀይሯል። መጀመሪያ አፍንጫው ጫፍ ላይ አደረግኩት። ላይ ላዩን ስትጎትት እንደ ውሻ ቀጥ ብሎ ይከተላል። ስትጠልቅ ግን ገመዱ ወደ ታች ይስብና አፍንጫው ውሃ ውስጥ ይገባል። ወደ መሃል ሳመጣው አፍንጫው ዳነ፤ አሁን ደግሞ ስትጎትት ግራና ቀኝ እንደ ሰካራም ይዋልላል። በመጨረሻ ከአፍንጫው ወደ ኋላ 15 ሴንቲ ሜትር፣ ከሥር በኩል ሆነ። መዋለሉን ለማስቆም ከኋላ፣ ከሥር በኩል፣ እንደ ዓሣ ክንፍ የሚወጣ አንድ የሰርፍ ሰሌዳ ፊን ጨመርኩ። ተራ ፊን አይደለም፤ ወደ ኋላ በጣም የተጋደመ፣ ኬልፕ እንዲንሸራተትበት የተሠራ አለ። ሰርፍ ቤት ጠይቁ፣ ያውቁታል።

ገመዱም ተቀየረ። 20 ሜትር፣ ላዩ ለስላሳ ፕላስቲክ ቱቦ፣ የሚንሳፈፍ። እኛ የምንጠልቀው ከ12 ሜትር አያልፍም። ከጥልቀቱ ረዘም ማለቱ ግድ ነው፤ አለዚያ ተንሳፋፊው ወደ ላይ ይይዝሃል። በጣም ሲረዝም ደግሞ ኬልፕ ውስጥ ጥልፍልፍ ነው። ላዩ ለስላሳ መሆኑ ያመጣውን ለውጥ ግን አልጠበቅኩትም። ከኬልፕ ውስጥ እንደ ፓስታ ተንሸራትቶ ይወጣል።

የማቆሚያው ነገር ያሳፍራል፣ ቀላል ስለሆነ። ጎኑ ላይ አጭር ገመድ ከካራቢነር፣ ከሚከፈትና ከሚዘጋ የብረት ቀለበት፣ ጋር። ጥቂት የኬልፕ ግንዶች ሰብስበህ በአጭሩ ገመድ ትዞራቸዋለህ፣ ትቆልፋለህ። ኬልፑ ድንጋዩን ጨብጧል፣ ተንሳፋፊው ኬልፑን። መልሕቅ አያስፈልግም። ስትመለስ እዚያው ይጠብቅሃል።

ላዩ ላይ ሳጥን የለም። በምትኩ ፎሙ ውስጥ እጅ የሚያህል ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቀርጬ ከሥሩ ሁለት የውሃ መውጫ ቀዳዳ አደረግኩ። ክዳኑ ከአሮጌ ዌትሱት፣ ከጠላቂዎች የላስቲክ ልብስ፣ የተቆረጠ ነው። ዓሣው እዚያ ይገባል፣ ከበረዶ ጠርሙስ ጋር። ብዙ ሰው ዓሣውን በሽቦ ወገቡ ላይ አንጠልጥሎ ይዋኛል። ላ ሆያ የባሕር አንበሳ በሽ በሽ ነው፤ የሚደማ ዓሣ ወገብህ ላይ ታስሮ ከባሕር አንበሳ ጋር መደራደር አልመክርም። ከእሱ የባሰ ነገርም ባሕሩ ውስጥ አለ። ክዳኑ ላይ በማርከር የ71 ሴንቲ ሜትር መስመር አለ። ዋይት ሲባስ የሚባለው ዓሣ ከዚያ በታች ከሆነ እዚህ ሕጉ አይፈቅድም፤ 28 ኢንች ነው። ስሙ ባስ ይሁን እንጂ ባስ አይደለም። ከበሮ እንደሚመታ ዓይነት ድምፅ የሚያወጡት ዓሦች ዘመድ ነው፤ ጸጥ ካልክ ኬልፑ ውስጥ ይሰማል። እስካሁን መስመሩን ያለፈ አንድ ብቻ ነው ያገባሁት።

የባንዲራው ክርክር

ከጋሼ ጋር የተጣላነው ባንዲራ ላይ ብቻ ነው።

እሳቸው «አልፋ» ነው የሚሰቀለው አሉ። ሰማያዊና ነጭ፣ ጫፉ እንደ ርግብ ጅራት የተሰነጠቀ። በዓለም አቀፍ የባሕር ምልክት ትርጉሙ «ጠላቂ አሰማርቻለሁ፤ ራቅ ብለህ በዝግታ እለፍ» ነው። የሠለጠኑበት ነው፤ ሌላው ጨዋታ ነው ለእሳቸው። እኔ ቀዩን፣ በነጭ ሰያፍ መስመር የተቆረጠውን ፈለግኩ። እሱ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የወጣ የጠላቂዎች ባንዲራ ነው።

«ጋሼ፣ አልፋ ለመርከብ ነው፤ እኛ መርከብ አይደለንም።»

«ዛሬ መርከብ አይደላችሁም። ትርጉሙ ግን አይለወጥም።»

«ቅዳሜ ዕለት ጄት ስኪ ተከራይቶ የሚበር ልጅ አልፋን የት ያውቀዋል?»

ዝም አሉ። ከዚያ፣ «እሱስ ቀዩንም አያውቅም» አሉ። ይህም እውነት ነው። ግን ቀዩ ቢያንስ የጠላቂ ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች በር ላይ ይታያል።

ልኩን ከፍሎሪዳ ሕግ ወሰድን። እዚያ በተንሳፋፊ ላይ የሚሰቀል ባንዲራ ከ12 በ12 ኢንች አያንስም፣ ጠላቂውም በክፍት ውሃ ከባንዲራው 300 ጫማ ርቀት ውስጥ ለመቆየት መጣር አለበት፤ ጀልባም ከዚያ ውስጥ ከገባ ፍጥነቱን ጨርሶ ይቀንሳል። የእኛ ገመድ 20 ሜትር ስለሆነ ርቀቱ አያስጨንቀንም። ያስጨነቀን ከፍታው ነው። አንድ ሜትር ማዕበል መሃል ያለ አጭር ባንዲራ ግማሹን ጊዜ የለም። ዘንጉ 90 ሴንቲ ሜትር ሆነ።

ያ ዘንግ ግን ዳርቻ ላይ ጦር ነው። ስለዚህ አይተከልም፣ ይሰካል። ሲገቡና ሲወጡ ተነቅሎ ጎኑ ላይ ይታሰራል። ማዕበሉ የሚሰበርበትን ካለፍክ በኋላ ነው ባንዲራ የምታቆመው። ጋሼ ዳር ሆነው ባንዲራው እስኪቆም ድረስ አይቀመጡም።

መውጫው

አሁን ወደ መጀመሪያው ቀን ልመለስ። የመታኝ ተንሳፋፊው መጥፎ ስለነበረ ብቻ አይደለም። በእሱና በምድሩ መካከል ስለቆምኩ ነው።

ስትገባ ተንሳፋፊው ከኋላህ ይሆናል፤ ማዕበሉ ከአንተ ያርቀዋል። ገመዱ መዳፍህ ላይ ታጥፎ ይያዛል እንጂ እጅህ ላይ አይጠመጠምም። ስትወጣ ደግሞ ይገለበጣል፤ ተንሳፋፊው ከፊትህ ነው። ማዕበሉ ከሚሰበርበት ውጪ ትቆማለህ። ባንዲራውን ነቅለህ ታስራለህ። ትልልቆቹ ማዕበሎች ተከታትለው ይመጣሉ፣ ከዚያ ፋታ አለ፤ ትቆጥራለህ። ዳር ሰው፣ በተለይ ልጅ እንደሌለ ታያለህ። ፋታው ሲመጣ ትገፋዋለህና ትለቀዋለህ።

ለዚህ ነው አፍንጫው ላይ ከዌትሱት የተረፈ ላስቲክ የተለጠፈው። ጠርዙ ሁሉ ክብ የሆነው፣ የእጅ መያዣው ገመድ ከጎኑ ጋር የተጣበቀው፣ የወጣ ብሎን አንድም የሌለው ለዚሁ ነው። ተንሳፋፊው ብቻውን ወደ አሸዋው ይንሸራተታል። ጋሼ ይቀበሉታል። ከዚያ አንተ በባዶ እጅህ ትመጣለህ።

መጀመሪያ ጊዜ ስለቀው ሆዴ ፈርቷል። ሁለት ወር የሠራሁት ነገር ነው። ማዕበሉ አነሣው፣ አፍንጫው ቀና አለ፣ እንደ ታንኳ ተንሸራቶ ጋሼ እግር ሥር ቆመ። ጋሼ በእግራቸው ገፋ አደረጉት፣ በሬ ለመግዛት እንደመጣ ሰው። «እ» አሉ ብቻ። የባሕር ኃይል ሰው ከዚህ በላይ አያመሰግንም።

የመጎተቱ ነገር በወረቀት ላይ ከ200 ግራም በታች ይሆናል፣ የጀሪካኑ አንድ አምስተኛ። በሻንጣ መመዘኛ ሚዛን ሚሽን ቤይ የሚባለው ጸጥ ያለ የባሕር ወሽመጥ ላይ ስጎትተው ከዚያ ትንሽ በለጠ፤ ፊኑና ገመዱም አሉ። ጸጥ ባለው ውሃ ላይ ሌላ ሙከራ አድርገናል። ጓደኛዬ ራሱን እንደሳተ ሆኖ ተዘረጋ፣ እኔ ቀበቶውን ፈትቼ ደረቱን ሰሌዳው ላይ ለመሳብ ሞከርኩ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጊዜ አልቻልኩም። እጄ የሚጨብጠው ነገር አጣሁ። የጎኑን ገመድ ያደረግነው ከዚያ በኋላ ነው። ሰሌዳው ሰው አያድንም፤ አዳኙ ከጎንህ ያለው ሰው ነው። ግን እጁ የሚይዘው ነገር ይፈልጋል።

ጉድለቱ አላለቀም። ከመኪና ማቆሚያው እስከ ውሃው ደረጃ አለ፤ 90 ሴንቲ ሜትር ሰሌዳ፣ ጠመንጃና ፊን ይዞ መውረድ አሁንም ፈተና ነው። የዓሣው ጉድጓድ የሎቴይል ለሚባለው ረጅም ዓሣ ያጥራል፤ ጅራቱ ውጪ ይቀራል። የፊኑ ሥር ድንጋይ ነክቶት አንድ ቀጭን ስንጥቅ አለ፣ በኢፖክሲ ደፍነነዋል።

ገመዱ ደግሞ አለ። ከአሮጌ የኤሌክትሪክ ገመድ መጠቅለያ፣ እጀታ ያለው፣ በግማሽ ደቂቃ 20 ሜትር የሚሰበስብ ነገር ሠራሁ። ኮራሁበት። ጋሼ አንድ ጊዜ አዞሩት፣ አስቀመጡት። አሁንም ገመዱን የሚሰበስቡት በአውራ ጣታቸውና በክርናቸው መካከል ነው፣ ስምንት ቁጥር እየሠሩ፣ ባሕሩን እያዩ። ሲለቁት አንድም ጊዜ ተጠላልፎ አያውቅም። የእኔው መጠቅለያ ሁለት ጊዜ ተጠላልፏል።